መልሱን ማወቅና ምክንያቱን ማወቅ

አንድ ተማሪ የሒሳብ ጥያቄ ቀርቦለት ትክክለኛውን መልስ ጻፈ እንበል። መምህሩ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ሲጠይቀው «እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ልክ ነው» ቢል ይህ ልጅ ሒሳብ ያውቃል እንላለን ወይስ አያውቅም? መልሱ ልክ ነው፤ መምህሩ ሊያርመው አይችልም። ይሁንና አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ሁላችንም ይሰማናል። የጎደለው ምንድን ነው? መጉደሉስ ምን ጉዳት ያመጣል?

ይህ ጥያቄ ድሮ የመምህራን ብቻ ጥያቄ ነበር። ዛሬ ግን ልጆቻችን በእጃቸው በያዙት ስልክ የፈለጉትን ጠይቀው በቅጽበት መልስ የሚያገኙበት ዘመን ላይ ስለደረስን፣ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኗል። ነገሩን ጥርት አድርጎ የሚያሳየን ምሳሌ ደግሞ ካልተጠበቀ ቦታ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የጠጠር ጨዋታ ይገኛል። ስለ ጨዋታዎች የሸሪዓ ብይን ዑለሞች በየኪታቦቻቸው በሰፊው የተነጋገሩበት ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። ጨዋታውን የመረጥነው ለመጫወት ሳይሆን ለማስተዋል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውና አጀማመሩ

ይህ ጨዋታ በጃፓን «ጎ»፣ በቻይና «ዌይቺ»፣ በኮሪያ «ባዱክ» ይባላል። የቻይንኛው ስም ትርጉም «የመክበብ ጨዋታ» ማለት ነው፤ ይህችን ትርጉም አንባቢ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ኋላ ታስፈልገናለች። ሰሌዳው ላይ 19 አግድምና 19 ቁልቁል መስመሮች ተሰምረዋል። መስመሮቹ የሚገናኙባቸው 361 ነጥቦች አሉ። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ጠጠር ይዞ በየተራቸው አንድ አንድ ጠጠር ባዶ ነጥብ ላይ ያኖራሉ። በእኛ ገበጣ እንደሚደረገው ጠጠሩ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ አይዞርም፤ አንዴ ከተቀመጠ፣ በተቃራኒው ወገን ተከብቦ ካልተማረከ በቀር ከቦታው አይነሳም። በመጨረሻ ሰፋ ያለ ስፍራ አጥሮ የተገኘው ያሸንፋል።

ደንቡ ለልጅ በአጭር ጊዜ ሊነገር የሚችል ነው። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ ሊፈጠሩ የሚችሉት የጠጠር አቀማመጦች ብዛት በ2016 በትክክል ሲሰላ 171 አሐዞች ያሉት ቁጥር ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚጨርስ ሰውም ሆነ መሣሪያ የለም።

ታዲያ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ጠጠር የት ይቀመጥ? አስቸጋሪው ጥያቄ ይህ ነው። በጨዋታው መጨረሻ ላይ መቁጠር ይቻላል፤ በመጀመሪያው ላይ ግን የሚቆጠር ነገር የለም። በመሆኑም የጥንት መምህራን ከብዙ ዘመን ልምድ በኋላ አንድ ሥርዓት አበጁ። መጀመሪያ ማእዘን፣ ቀጥሎ ጎን፣ በመጨረሻ መሀል አሉ። ምክንያቱንም ተናገሩ። በማእዘን ላይ ሁለቱ የሰሌዳው ጠርዞች ራሳቸው አጥር ስለሚሆኑ ስፍራው በጥቂት ጠጠር ይያዛል። በጎን ላይ የሚረዳው አንድ ጠርዝ ብቻ ነው። መሀል ላይ ግን አራቱንም አቅጣጫ ራስህ ማጠር አለብህ። ሁለት ግድግዳ ቆሞ በቆየበት ስፍራ ቤት መሥራት ከሜዳ ላይ ከመሥራት እንደሚቀል ማለት ነው።

በማእዘኖቹ ላይ ሁለቱም ወገኖች እንዳይጎዱ የሚጓዙባቸው የተለመዱ አካሄዶች አሉ፤ በጃፓንኛ «ጆሴኪ» ይባላሉ። ተማሪ እነዚህን ያጠናል። የሚገርመው ግን፣ ጆሴኪን በቃሉ የሸመደደ ሰው በሁለት ጠጠር ያህል ይደክማል የሚል አባባል በተጫዋቾቹ ዘንድ ከድሮ ጀምሮ ይነገራል። የሸመደደው ሰው፣ ተቃራኒው ከተለመደው መንገድ አንዲት እርምጃ ሲወጣበት ምን እንደሚያደርግ ስለሚጠፋው ነው።

የአጀማመር ጥናት በሙስሊሞች ታሪክም እንግዳ ነገር አይደለም። በዐባሲያ ኺላፋ ዘመን አል-ዐድሊ እና አቡበክር አስ-ሱሊ የተባሉ ሰዎች ስለ ሸጠረንጅ መጻሕፍት ጽፈው ነበር። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ የሚደረጉትን አሰላለፎችም «ተዕቢያ» ይሏቸው ነበር፤ የጦር አሰላለፍ ማለት ነው። የእኛው «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃል እንኳ ከዚያው ከሸጠረንጅ የመጣ ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር ሰዎች አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚያከናውን ሥርዓትን «አልጎሪዝም» ሲሉት፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የሠሩትን የአል-ኸዋሪዝሚን ስም እየጠሩ ነው።

በምክንያት የመጣ ለውጥ

የቀደሙት መምህራን ያሉት ሁሉ ሳይጠየቅ አልቀረም። በ1933 ጃፓን ውስጥ ሁለት ወጣቶች፣ ከቻይና የመጣው የ19 ዓመቱ ጎ ሴይገንና ጓደኛው ኪታኒ ሚኖሩ፣ የቆየውን አጀማመር መጠየቅ ጀመሩ። ማእዘኑን በአንድ ጠጠር ብቻ ይዘን ለምን ፈጥነን ወደ ጎንና ወደ መሀል አንሄድም? አሉ። በዚያው ዓመት ጎ ሴይገን በዘመኑ ታላቅ ከነበሩት ከሆኒንቦ ሹሳይ ጋር ሲጋጠም፣ ሦስተኛውን ጠጠሩን በሰሌዳው እምብርት ላይ አኖረው። ብዙዎች ይህን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። ጨዋታው ወራት ፈጅቶ በ1934 በሹሳይ አሸናፊነት አለቀ። ሐሳቡ ግን አልተሸነፈም። ወጣቶቹ አመለካከታቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ ሌሎች አንብበው ተከራከሩ፤ ከፊሉን ተቀበሉ፤ ከፊሉን ጣሉ። 

እዚህ ላይ እናስተውል። ወጣቶቹ ታላላቆቻቸውን የተቃወሙት በምክንያት ነው። ምክንያታቸውን ስለተናገሩም የተሳሳቱበትን ሌሎች ሊያርሙላቸው ቻሉ። ምክንያት ለሰው ሲነገር፣ ሰሚው የሚመዝንበትን ሚዛን አብሮ ይሰጠዋል።

ምክንያት የማይናገረው አሸናፊ

በ1997 «ዲፕ ብሉ» የተባለው ኮምፒዩተር የቼዙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን ሲያሸንፍ፣ የጎ ተጫዋቾች አልደነገጡም። የእነርሱ ጨዋታ በስሌት ብቻ የሚዘለቅ አይደለምና። ነገር ግን በጥቅምት 2015 ለንደን ውስጥ የሚገኘው ዲፕማይንድ የተባለው የጎግል ድርጅት የሠራው «አልፋጎ» የአውሮፓውን ሻምፒዮን ፋን ሁዊን 5 ለ 0 አሸነፈ። በመጋቢት 2016 ደግሞ ሴኡል ላይ ከኮሪያዊው ከሊ ሴዶል ጋር ተጋጥሞ 4 ለ 1 ረታ። ሊ ሴዶል 18 ዓለም አቀፍ ዋንጫዎችን የወሰደ ሰው ነበር።

በሁለተኛው ግጥሚያ 37ኛው ጠጠር ሲቀመጥ፣ ግጥሚያውን ያስተላልፉ የነበሩት ባለሙያዎች ስሕተት የተሠራ መሰላቸው። ሰው በዚያ ደረጃ የማያስቀምጥበት ከፍ ያለ ቦታ ነበርና። ፕሮግራሙ ራሱ፣ ሰው ይህን ጠጠር እዚያ የማኖሩ ዕድል ከ10,000 አንድ ብቻ እንደሆነ ገምቶ ነበር። ኋላ ግን ያ ጠጠር ለድሉ መሠረት እንደነበረ ታየ። 

ቀጥሎም የዚሁ ፕሮግራም የተሻሻለ ዓይነት በ2016 መጨረሻና በ2017 መጀመሪያ ላይ ከታላላቅ ባለሙያዎች ጋር በኢንተርኔት 60 ጊዜ ተጫውቶ 60ውንም አሸነፈ። በግንቦት 2017 በወቅቱ የዓለም ቀዳሚ የነበረውን ቻይናዊውን ኬ ጄን 3 ለ 0 ረታ። በጥቅምት 2017 ደግሞ «አልፋጎ ዜሮ» ይፋ ሆነ። ይህኛው የሰውን ግጥሚያ አንድም ሳያይ፣ ደንቡ ብቻ ተነግሮት፣ ከራሱ ጋር እየተጫወተ የተማረ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሊ ሴዶልን ያሸነፈውን ፕሮግራም 100 ለ 0 የሚረታ ሆነ። በመንገዱም ላይ የሰው ልጆች በብዙ ትውልድ የደረሱባቸውን ጆሴኪዎች ራሱ አገኛቸው፤ ከዚያም ከእነርሱ አንዳንዶቹን ትቶ ወደ ሌላ አለፈ።

ከሁሉም ይበልጥ መምህራንን ያሳፈረው አንድ ነገር ነው። ተቃራኒህ በማእዘኑ አራተኛ መስመሮች መገናኛ ላይ ጠጠር አኑሮ ከሆነ፣ ገና በጠዋቱ ከሥሩ ገብተህ ሦስተኛ መስመሮች መገናኛ ላይ አታስቀምጥ ይባል ነበር። ምክንያቱም ትንሽ ማእዘን ታገኛለህ፤ እርሱ ግን በውጭ በኩል ጠንካራ ግንብ ይገነባብሃል የሚል ነበር። ይህን ያደረገ ተማሪ ይገሠጽ ነበር። ፕሮግራሙ ግን ይህንኑ የተከለከለ እርምጃ ማልዶ እየተጫወተ አሸነፈ። ዛሬ ትልልቅ ባለሙያዎች ሁሉ ይጫወቱታል።

ታዲያ ፕሮግራሙ ምክንያቱን ተናግሯል? አልተናገረም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም እያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል ተስፋ እንዳለው ይገምታል፤ ቀጥሎ ሊመጡ የሚችሉትንም እርምጃዎች በብዛት ይፈትሻል። በመጨረሻ የሚያሳየን አንድ ነጥብና አንድ ቁጥር ነው፦ እዚህ ብታኖር የማሸነፍ ዕድልህ ይህን ያህል በመቶ ነው ይላል። «ምክንያቱም» የሚል ቃል አይወጣውም።

ሁለት ወገኖች

እዚህ ላይ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን፣ መልሱ ልክ ከሆነ ምን ቸገረን? ይላል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝልን እንዴት እንደሚሠራ ሳናውቅ እንውጠው የለምን? ልጅስ ከትርጉሙ በፊት ቃሉን ይይዝ የለምን? ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ምክንያት የሌለው መልስ እውቀት አይደለም፤ የሰው ክብር በማስተዋሉ ነውና ከመሣሪያው ምንም አንቀበል ይላል።

የመጀመሪያው ወገን ያቀረበው ማስረጃ ቀላል አይደለም። እኛም መድረሳ ውስጥ ልጆችን ስናስተምር ሒፍዝን እናስቀድማለን፤ ትርጉሙ ኋላ ይመጣል። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። ሐኪሙ ቢጠየቅ ምክንያት አለው፤ ቢያጠፋም ተጠያቂ ነው። ልጁ ቃሉን የሚይዘው ከመምህር አፍ ነው፤ መምህሩም ከመምህሩ ተቀብሏል፤ ሒፍዙም የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከመሣሪያው የተቀዳ መልስ ግን «ለምን?» ብለን ብንጠይቀው የሚመልስልን የለም። ካልተጠነቀቅንም የትምህርት መጀመሪያ መሆኑ ቀርቶ መጨረሻው ይሆናል።

ሁለተኛው ወገንም ከኩራት የጸዳ አይደለም። እስቲ ያንን ተማሪ የገሠጸውን መምህር እናስታውስ። ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም የሚያምርና የሚያሳምን ነበር፤ ግን ተሳስቶ ነበር። ምክንያት መናገር መቻል ብቻውን ልክ መሆን አይደለም። ብዙ ጊዜ የለመድነውን ነገር ምክንያት እናለብሰውና እውነት መስሎን እንኖራለን። መሣሪያው ይህን ኩራት ስለሰበረ ልንቀየመው አይገባም። ከማንም ይምጣ፣ እውነት እውነት ነው።

ከባቢውን ያላየው የመክበብ ጌታ

ሆኖም ምክንያት የሌለው መልስ የተደበቀ ቀዳዳ እንዳለው በ2023 ታየ። አንድ አሜሪካዊ አማተር ተጫዋች በጣም ጠንካራ ከሚባሉት የጎ ፕሮግራሞች አንዱን ከ15 ግጥሚያዎች በ14ቱ አሸነፈ። ከባለሙያዎች የሚበልጥ ሆኖ አይደለም። ተመራማሪዎች የፕሮግራሙን ድክመት በሌላ ኮምፒዩተር አስፈልገው አግኝተውት ነበር፤ እርሱም ዘዴውን ተምሮ ያለ ኮምፒዩተር እርዳታ ተጫወተው።

ዘዴው ይህ ነው። የፕሮግራሙ ጠጠሮች ትንሽ የተቃራኒ ቡድንን ከብበው እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይያያዛሉ። ሰውየው በሌላ ቦታ እያዘናጋ ያንን ቀለበት በዝግታ ከውጭ ይከበዋል። ፕሮግራሙ የራሱ ቀለበት መታነቁን አያስተውልም፤ ሲነቃ ጊዜው አልፏል። ጀማሪ ልጅ እንኳ አይቶ «ተከበብክ!» የሚለውን ነገር የዓለም ሻምፒዮኖችን ከሚረታ ዓይነት የሆነው ፕሮግራም አላየውም። በመክበብ ጨዋታ ጌታ የሆነው መክበብ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሞቹን ለማጠንከር ብዙ ተሞክሯል፤ ቀዳዳውን ፈጽሞ መድፈን ግን ቀላል አልሆነም።

እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ እዚህ ይገኛል። ልክ የሆነ መልስ ከምክንያቱ ጋር ሲሆን እስከ የት ድረስ እንደሚያገለግል ይታወቃል፤ ነገሩ ሲለወጥ ምክንያቱን ይዘን አዲስ መልስ እንፈልጋለን። ምክንያት የሌለው መልስ ግን እስከሚሠራበት ድረስ ይሠራል፤ የሚከዳበትን ቀን አይነግርህም።

ከመልሱ ወደ ምክንያቱ

ጥሩዎቹ ተጫዋቾች ምን አደረጉ? መሣሪያውን አልጣሉም፤ በጭፍንም አልተከተሉም። ያ የተከለከለው እርምጃ ለምን እንደሚሠራ ራሳቸው ተቀምጠው መረመሩ። ማእዘኑን ወስዶ ወደ ሌላ ቦታ ቀድሞ ለመሄድ እንደሚያስችል፣ ያ የሚፈራው ግንብም ሰሌዳው ገና ባዶ ሳለ የተባለውን ያህል ጥቅም እንደማይሰጥ አስተዋሉ። መሣሪያው ያልተናገረውን «ምክንያቱም» እነርሱ ሞሉት። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ከ1950 እስከ 2021 የተደረጉ 5.8 ሚሊዮን ያህል የባለሙያ ተጫዋቾችን እርምጃዎች መርምሮ፣ ከአልፋጎ በኋላ የሰዎች አጨዋወት እንደተሻሻለ፣ ቀድሞ ያልታዩ አዳዲስ እርምጃዎችም እንደበዙ አሳይቷል። 

ነገር ግን ኪሳራም አለ። ሊ ሴዶል በኅዳር 2019 ከሙያው ተሰናበተ። ከሰዎች ሁሉ አንደኛ ብሆን እንኳ የማይሸነፍ ሌላ አካል አለ የሚል ነበር ምክንያቱ። ሕይወቱን ሙሉ የደከመበት ነገር ዋጋው አሸናፊነት ብቻ ከሆነ፣ መሰናበቱ አያስገርምም። በ2020 ደግሞ አንዲት የ13 ዓመት ኮሪያዊት ባለሙያ በኢንተርኔት ግጥሚያ ላይ ከፕሮግራም እርምጃ ስለቀዳች ለአንድ ዓመት ታገደች። በዚህች ልጅ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ልጅ ነበረች፤ ከሰው ሁሉ የሚበልጥ መልስ ከአጠገቧ ነበር፤ ዙሪያዋ ያለው ዓለምም ውጤትን ይጠይቃት ነበር። ቅጣቷን ጨርሳ ከተመለሰች በኋላ በራሷ ጥረት ከአገሯ ጠንካራ ሴት ተጫዋቾች አንዷ ሆናለች። ከጥፋት መመለስ ይቻላል፤ የጠፋውንም ችሎታ መልሶ የሚያመጣው ራስ የደከመበት ሥራ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን ላይ የምናየው ከዚህ የተለየ አይደለም። የቤት ሥራውን ለስልኩ ጠይቆ የጻፈ ልጅ «ልክ ነው» የሚል ምልክት ይዞ ይመጣል፤ እኛም ደስ ይለናል። ዛሬ ያሉት መልስ ሰጪ ፕሮግራሞች ከጎው ፕሮግራም በአንድ ነገር ይለያሉ፦ ምክንያት ጠይቋቸው ቢሉ ረጅም ምክንያት ይጽፋሉ። ግን ያ የተጻፈው ልጁ ያሰበው አይደለም። ሌላ ሰው ስለበላ እኛ እንደማንጠግብ ሁሉ፣ ሌላ ስላሰበም እኛ አናውቅም። ደግሞም የተጻፈው ምክንያት ልክ መሆኑን የሚመዝን ልጅ፣ ቀድሞ መመዘንን የተማረ ልጅ ብቻ ነው።

መፍትሔው ስልኩን መስበር አይደለም። የጎ መምህራን አሁን ለተማሪዎቻቸው የሚመክሩት ለእኛም ይበጃል። መጀመሪያ ራስህ አስብ፤ የት እንደምታኖርና ለምን እንደሆነ ተናገር፤ ከዚያ ፕሮግራሙን ጠይቅ፤ ከተለያያችሁ ምክንያቱን ፈልግ። ይህ ቅደም ተከተል ሲጠበቅ መሣሪያው አጋዥ ይሆናል። ሲገለበጥ ግን ልጁ የመሣሪያው ጸሐፊ ሆኖ ይቀራል።

እኛ ወላጆችና መምህራንም ከራሳችን እንጀምር። ልጅ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቀን «ዝም በል፣ የተባልከውን አድርግ» የምንል ከሆነ፣ እኛም ምክንያት የማይናገር መሣሪያ ሆነናል ማለት ነው። ያኔ ልጁ ከእኛ ይልቅ ስልኩን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ስልኩ ቢያንስ አይቆጣውም። ምክንያቱን የምናውቀውን እንንገረው። የማናውቀውን «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» እንበለው። ለዑለሞቻችን «አላውቅም» ማለት ነውር አልነበረም፤ የእውቀት ግማሽ ነው ይሉት ነበር።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ተማሪ እንመለስ። «እንዴት አገኘኸው?» ሲባል «አላውቅም፣ ግን ልክ ነው» ያለው ልጅ ግማሹን እውነት ተናግሯል፤ አለማወቁን አልደበቀምና። መምህሩ መልሱን አይሰርዝበት። አጠገቡ ይቀመጥና «መልሱ ልክ ነው፤ አሁን መንገዱን አብረን እንፈልግ» ይበለው። ትምህርት የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ወላሁ አዕለም።